በባለቤቴ ክፍል የቆመችው መኪና

ስፖርት መኪና አለኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሆዴን ነው። አይፈረድበትም። እኔና ስፖርት የተለያየነው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። መኪናዋ ግን እውነት ናት፤ አለች። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ቁመቷ ወገቤ ላይ የሚቀር፣ ጣልያን ሠራሽ አሮጊት። ድሮ ቀይ ነበረች አሉ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ወጥ ተደፍቶባት ታጥባ ያልለቀቀላት ነጠላ ትመስል ነበር። ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ከፊት አይደለም፤ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት፣ መሀል ሆዷ ውስጥ ነው የተቀበረው። ፍኖተ ሰላም የገባች ቀን አንድ ጎረቤቴ የፊት ክዳኗን ከፍቶ ባዶውን አየና፣ "አይ ወንድሜ! ሞተሯን አውጥተው ነው የሰጡህ" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ከኋላ ከፍቼ ባሳየውም አልተጽናናም። "እና ለምን ደበቁት?" አለ።

እኔ የባጃጅ መካኒክ ነኝ። ባጃጅ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ፤ ዓይኔን ገልጬ እገጥማለሁ፤ አንዳንዴ ብሎን ይተርፈኛል እንጂ። መኪናዋን ያገኘኋት አዲስ አበባ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ነው። ጋራዡን ሊዘጋ የተነሣ አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ቅጠል ለብሳ ቆማለች። "ይቺን የሚያነሣልኝ ባገኝ" አለ ሰውዬው፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "እኔ!" አልኩ። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። በአይሱዙ ከሲሚንቶ ጋር ተጭና መጣች።

ጉዱ የገባችበት ቦታ ነው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። ወደ መንገዱ የሚከፈት፣ ሰፊ የብረት በር ያለው አንድ ክፍል አለን። ክፍሉን የሠራነው ለባለቤቴ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የት ጋ ማሽኗ እንደሚቀመጥ፣ የት ጋ መጋረጃ ተሰቅሎ ደንበኛ እንደሚለካ፣ የሐበሻ ቀሚሶቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚንጠለጠሉ በሜትሯ ለክታ ጨርሳ ነበር። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋበታለች። ልስኑ ሲደርቅ ልትገባ ነው፤ እኔ ደግሞ መኪናዬን ይዤ ደረስኩ። ሰማዩ ጠቁሯል። "ለጊዜው እዚህ ትግባ፤ ዝናቡ ይለፍ" አልኳት።

ዝናቡ አለፈ። ሌላውም ዝናብ አለፈ። ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጡ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ትሰፋለች፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ፍንጣቂ። ነጭ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው በረንዳ ላይ ምን እንደሚያይ ለማንም አይነገርም። መኪናዋ ግን ጣሪያ ሥር ናት። ሰው ሲጠይቀኝ፣ "እሷ ከውጭ አገር የመጣች እንግዳ ናት፤ ባለቤቴ የቤት ሰው ናት" እል ነበር። ሰው ይስቃል። ባለቤቴም መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

ዘንድሮ ጾሙ ሳይገባ ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ላይ ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ የረጨውን የጭቃ ጠብታ ስታጥብ ዋለች። ማምሻውን እጇን በመቀነቷ አድርቃ፣ ሳትቆጣ፣ "ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ" አለችኝ።

"እሷማ ትወጣለች!" አልኩ። "በራሷ ሞተር ሄዳ ነው የምትወጣ። ተገፍታማ አትወጣም።"

ምክንያት ነበረኝ፤ ለእኔ ትልቅ ምክንያት። ስናስገባት ገፍተን ነው ያስገባናት፤ ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ሞቷል። እዚያው ቆሜ፣ "ስትወጣ እየነዳሁ ካላወጣኋት ሰው አትበሉኝ" ብያለሁ። እንግዲህ ሰው አልባልም ብዬ እየፈራሁ ነው እዚህ የደረስኩት።

በማግስቱ ባለቤቴ ማሽኗን በባጃጅ አስጭና ቡሬ አባቷ ቤት ሄደች። ባጃጁን ያደስኩት እኔ ነኝ። ያደስኩት ሁሉ መንገድ ላይ ይቆማል እያሉ ሲያሙኝ ይኖራሉ፤ ያን ቀን ግን ቀጥ ብሎ ደረሰ።

አማቴ ቡሬ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የአዊ ሰው ናቸው፤ ሁለቱን ቋንቋ እኩል ነው የሚያውቁት። አማርኛው ለእኔ ነው፤ አገውኛው ስለ እኔ ነው። ስልክ ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናህስ እንደምን ሰነበተች?"

"ልትወጣ ነው አባባ።"

"ልጄ እኮ ከባድ ነገር አልጠየቀችህም። ክፍሉን ልቀቅልኝ ነው ያለች። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ አለህ። ያን እሑድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ይዣት እመጣለሁ። ክፍሉ ከተለቀቀ ትቀመጣለች። ካልተለቀቀ ይዣት እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አትላክብኝ።"

"በራሷ ሄዳ ስትወጣ በዓይንዎ ያያሉ!"

ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው በአገውኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ባለቤቴ አጠገባቸው እንደነበረች ያወቅሁት ያኔ ነው። የሳቀች መሰለኝ። አብረን የኖርን ነንና ሳቋን አውቀዋለሁ፤ ያ ግን ሳቅ አልነበረም።

የመኪናዋ በሽታ ፍሪሲዮን ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያጋባና የሚያፋታ ነገር ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ይፋታሉ፣ ማርሽ ታስገባለህ፤ እግርህን ስታነሣ ይጋባሉ፣ መኪናው ይሄዳል። የእኔዋ ከመቆም ብዛት ዲስኩ ዝጎ ከሞተሩ መዘውር ጋር ተጣብቋል። አይፋቱም። ሞተሩ ሲነሣ ማርሽ አይገባም፤ ማርሽ አስገብተህ ብታስነሣው እንደ በሬ ዘልሎ ግድግዳ ይወጋል። አንዴ ወግቷል። ከጠመኔ ምልክቶቹ አንዱ ያን ቀን ተፍቋል።

ዲስኩ ጋ ለመድረስ ሞተሩ መውጣት አለበት። ባጃጅ ቢሆን አጋድመኸው ትሠራለህ። ይቺ ግን ሞተሯ ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ፊት አይወጣ፤ ወደ ታች ብቻ ነው የሚወርድ። ሞተሩ መሬት ላይ ይቀመጥና መኪናዋ ከላዩ ትነሣለች። ማንሻ ማሽን ያለበት ከተማ መንገዱ ሲከፈት ብቻ ነው የሚደረስ፤ መንገዱ ደግሞ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው።

ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ፤ ጎተራ በማዛወር የታወቁ። እኛ አገር ጎተራ ቦታው ካልተስማማው አይፈርስም፤ ደቦ ይጠራና በአጠና ተደግፎ፣ ከነክዳኑ፣ እንደ ታቦት በዝግታ ይሄዳል። ሄጄ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

"እህል አለባት?" አሉኝ።

"የለባትም አያ።"

"ታዲያ ምን ያስቸግራታል።"

የመጡት የሚካኤል ዕለት ነው። በዓል ስለሆነ አይታረስም፤ ጉልበት ሁሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ክርክር ተነሣ፤ መኪና ማንሣት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? አንዱ፣ "ላብ ካወጣ ሥራ ነው" አለ። አዛውንቱ ኮስተር ብለው፣ "ሞፈርና ቀንበር እስካልነካን ድረስ ሰው መርዳት ነው። ለዚህ ሰው ደግሞ እርዳታ ያንሰዋል" ብለው ፈረዱ። ሁሉም እኔን አይቶ ተስማማ።

ብሎኖቹን አስቀድሜ ፈትቼ ሞተሩን አሮጌ ጎማዎች ላይ አሳርፌዋለሁ። አጠናዎቹን ከሥሯ አሳለፉ። አዛውንቱ ፊት ለፊት ቆመው ዱላቸውን አነሡ።

"ያዝ በለው!"

"ያዝኩ!"

"እንደ ሙሽራ ነው፣ እንዳትወዘውዛት!"

ተነሣች። ሞተሯን እንደ እንቁላል መሬት ላይ ጥላ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆና፣ በሰፊው በር ወጥታ፣ በመንገዱ ዞራ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር አረፈች። ከመግባቷ ይልቅ መውጣቷ ቀለለ። ሰዉ ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ ጠላውን እየጠጣ፣ በየተራ መሪዋን ይዞ ፎቶ ተነሣ። እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሞተሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሌላው ባዶ ነው። ብርሃን እንደዚህ እንደሚገባበት አላውቅም ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ የባለቤቴ ወዳጅ፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ "ውይ! እንዴት ያለ ቤት ነው!" አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች።

የሮጠችበትን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም።

ዲስኩን ከመዘውሩ ያላቀቅሁት በመዶሻና በልመና ነው። ጠርቤ፣ አጽድቼ፣ የሚይዝበትን ሸራ አስለጥፌ መልሼ ገጠምኩት። ደስ ብሎኛል፤ እያፏጨሁ ነው። የቀረው ሞተሩንና መኪናዋን ማገናኘት ነው። ከቀናት በኋላ አዛውንቱን ከነሰዎቻቸው ጠራኋቸው።

መጡና ከበሩ ላይ ቆሙ። ወደ ሞተሩ አዩ፤ ወደ መኪናዋ አዩ።

"በል ሞተሩን አራት ሰው ያውጣውና እዚያው ሾላው ሥር ግጠመው" አሉኝ። "ይቀላል።"

"አይ አያ፣ እሷን ነው የምንመልሳት።"

"ወዴት?"

"ወደ ክፍሉ።"

"ወጥታለች እኮ!"

"ተሸክመን ነዋ ያወጣናት። እኔ በራሷ ሄዳ ትወጣለች ነው ያልኩ። አማቴ ሊያዩ ይመጣሉ። ቃሌ ነው።"

አዛውንቱ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩኝ። "አንተ ልጅ" አሉ፤ ጢሜ እኮ ሸብቷል፤ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።" ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከሁሉም አብልጬ። ከዚያ ያዝ በለው፣ ያዝኩ ተባለና መኪናዋ ተመልሳ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ሞተሯ ላይ አረፈች። በሩን ስዘጋው ብርሃኑ ውጭ ቀረ።

የቀረኝ የዘይቱ ነገር ነበር። በዚች መኪና ፔዳሉና ፍሪሲዮኑ አገር ለአገር ናቸው፤ ፔዳሉ ፍኖተ ሰላም ቢሆን ፍሪሲዮኑ ቡሬ ነው። መሀላቸው በሆዷ ሥር የሚሄድ ረጅም የዘይት ቱቦ አለ። እዚህ ስትረግጥ ዘይቱ ተገፍቶ ሄዶ እዚያ ማዶ ፍሪሲዮኑን ያስለቅቃል። ዘይቱን የሚገፉት ጣት የማይሞሉ የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው፤ ጎሚኒ እንላቸዋለን። የእኔዎቹ ደርቀው እንደ ቀንድ ሆነዋል። ዘይቱን ያንጠባጥባሉ፣ አየር ያስገባሉ። እረግጣለሁ፤ ፔዳሉ ባዶ ነገር እንደረገጠ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ደወልኩ። አንዱ ዕቃ ነጋዴ፣ "የምን መኪና?" አለኝ። ነገርኩት። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁት። በመጨረሻ፣ "ምናልባት እፈልግልሃለሁ፤ ግን በምን እልክልሃለሁ? መንገዱ ተዘግቷል" አለ። ልክ ነበር። ተዘግቷል።

ሕማማት ገብቷል። ቁጭ ብዬ ጎሚኒውን በጣቴ ሳሸው፣ የአባቴ ጠፍር ትዝ አለኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የበጋ ፀሐይ የበላው ጠፍር፣ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያስረው ቆዳ፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ አባቴ አይጥለውም ነበር፤ ቅቤ ያጠጣዋል። ቅቤ የጠጣ ጠፍር ደግሞ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፤ ለሌላ ዓመት ያርሳል። ይሄስ ደርቆ አይደል እንዴ? ቅቤው ጾም ስለሆነ ሥራ ፈት ነው። ቅሉን አወረድኩና ጎሚኒዎቹን ነከርኳቸው።

ሳወጣቸው ልስልስ ብለዋል። ወፈር፣ ጠብደል ብለው፣ የአራስ ልጅ ጉንጭ መስለዋል። ገጠምኳቸው፤ ልክክ ብለው ገቡ። አየሩን አስወጣሁ፤ ከፊት ረግጬ ወደ ኋላ እየሮጥኩ፣ ከኋላ ፈትቼ ወደ ፊት እየሮጥኩ፣ ብቻዬን። ሆዴ ያን ቀን የቀነሰ ይመስለኛል። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። እግሬ ሥር ከበደኝ! ሞተሩን አስነሣሁ። ማርሹ ያለ ምንም ጩኸት ገባ። እግሬን ቀስ ብዬ ሳነሣ መኪናዋ እንደሚነቃ ሰው ፈቀቅ አለች፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ በሩ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ፤ መለሰችልኝ።

ብቻዬን አለቀስኩ። ይሄን የምለው ለማስሳቅ አይደለም።

በሩ ክፍት ነው። አስፋልቱ ፊት ለፊቴ ነው። ጋዝ ነክቼ ብወጣ ሁሉ ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? የሚያይ ሰው የለም አልኩ። ነገ ስቅለት ነው፤ ሰው በስግደት ላይ ነው። እሑድ ሳምንት ሁሉም ቆሞ እያየ፣ አማቴ እያዩ፣ እሷ እያየች ላውጣት። ሞተሩን አጠፋሁና በሩን ዘጋሁት። ለአማቴ ደውዬ፣ "አለቀ አባባ! ለእሑድ ብቻ ይድረሱ" አልኳቸው።

"አልቆ ከሆነ አውጣታ" አሉ።

"እርስዎ በሌሉበትማ አይሆንም!"

"ለእኔ ብለህ አታሳድራት ልጄ" አሉኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የሠርጌን ኮት ለበስኩ። ቁልፉ አይዘጋም፤ የሚዘጋ እንዲመስል እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከቅዳሴ መልስ በሚኒባስ መጡ፤ አማቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ባለቤቴ። ነጭ ለብሳለች። ከስታለች፤ ወይም እኔ ስለወፈርኩ መሰለኝ። እኅቴ ዶሮ ሠርታ አቆይታለች። አግዳሚ ወንበር በሩ ፊት አወጣንላቸው። ሰፈሩ ወጥቷል። የጎተራው አዛውንትም መጥተዋል፤ ግን ራቅ ብለው ቆሙ።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"ደህና። አንተስ?"

"አሁን ታዪኛለሽ።"

በሩን በሁለት እጄ በረገድኩት። ገባሁ፤ አገባቤ ራሱ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከዚያ የቀረው ዘመድ። ቁልፉን ሳዞር ተነሣች። ጭብጨባ ሆነ። ይቺ መኪና ሞተሯ ማጅራትህ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ከተነሣች ውጭ የሚባል ነገር አይሰማህም፤ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የምታይ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ደነደነብኝ። ጨክኜ ስረግጠው ወረደ። ማርሹ ገባ። ለሰዉ እጄን አወዛወዝኩና እግሬን አነሣሁ።

እግሬ ተነሣ። ፔዳሉ አልተነሣም።

እዚያው ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ገብቷል፣ ጎማው ግን ዝም። ፔዳሉን በጫማዬ ጫፍ ስቤ አነሣሁት፤ ተነሣ፣ ግን ባዶውን ነው። ማዶ ያለው ፍሪሲዮን እንደተፋታ ቀርቷል። ጋዝ ሰጠሁ። ጮኸች። ጨመርኩ። ባሰባት። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። በመስታወቱ ፊት ለፊት የሰዉ ፊት ይታየኛል፤ መጀመሪያ ፈገግታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ አንዱ አንዱን በክንዱ ሲነካ። አማቴ መሬት መሬት ያያሉ። ከመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ፣ "አፍራ ነው! ብዙ ሽማግሌ ስላየች!" ብዬ ጮኽኩ። የሳቀ ሰው ካለ አልሰማሁትም።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሥታ ወደ በሩ መጣች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ እንደሚጮህ ሰው አይደለም። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ "አይሰማኝም!" አልኳት። ቆመች። ጠበቀችኝ። ሞተሩን አጠፋሁት።

"የሚካኤል ለት ደውላልኝ ነበር" አለች፤ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ጎረቤታችንን ማለቷ ነው። "'ክፍልሽ ባዶ ሆነ፤ መኪናዋ ወጣች' አለችኝ። ማሽኔን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ በር ላይ አስቀመጥኩት። ለአባቴም፣ 'እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አልጠብቅም፤ መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ' አልኩት። መንገዱ ሲከፈት እንደገና ደወለች። 'መልሶ አስገባት' አለችኝ።"

"በራሷ ትውጣ ብዬ እኮ ነው፤ እንዳልኩሽ..."

"እኔ በራሷ ትውጣ አላልኩህም። ትውጣ ነው ያልኩህ።"

ብዙ ቀልድ ነው የማውቀው። ለለቅሶ ቤት የሚሆን ቀልድ እንኳ አለኝ። ያን ቀን ከዚያች ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ፣ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተጋጥሞ፣ ሽቅብ እያየኋት አንድም አልመጣልኝም።

"ነገ ገፍቼ አወጣታለሁ" አልኳት። "አሁን አወጣታለሁ። ሰው ሞልቷል፤ አሁኑኑ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ማውጣትማ ትችል ነበር።"

አማቴ ከወንበሩ ሲነሡ ሽማግሌዎቹም ተነሡ። እኅቴ መሶቡን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "አባባ፣ እህል እንኳ ቅመሱ እንጂ!" አለቻቸው። "ይባረክ ልጄ፤ ጠግበናል" አሉ አማቴ። እኛ አገር ለዕርቅ የመጣ ሽማግሌ እህል ሳይቀምስ ከተነሣ የሚጨመር ነገር የለም። ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ያዙኝ። "ክፉ ሰው አይደለህም" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ለልጃቸው በአገውኛ የሆነ ነገር አሏት፤ እሷም በአገውኛ መለሰች፤ ወደ ሚኒባሱ መንገድ ጀመሩ።

ሰዉ ሲበተን የጎተራው አዛውንት ቀርተው ነበር። ከኋላ ገቡና መዳፋቸውን የመኪናዋ ጀርባ ላይ አደረጉ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ገፋናት። በሩን አልፋ፣ ደረጃ የሌላትን ደፍ ተሻግራ፣ በአስፋልቱ ዳር ዞራ ግቢው ውስጥ ገባች። ትንፋሼ እንኳ አልተቆረጠም።

በማግስቱ ቱቦውን ፈትቼ አየሁት። ጎሚኒው ቅቤውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል፤ ቤቱ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ዘይቱን አግቶ፣ ፍሪሲዮኑን እንዳስለቀቀው ይዞታል። በቢላዋ ቆራርጬ ነው ያወጣሁት። ላስቲክ ቆዳ አይደለም። ይሄን ዛሬ ለማንኛውም ባጃጅ ነጂ እመክራለሁ፤ ማንም ግን ጎሚኒውን ቅቤ አጠጣለሁ ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ምክሬ የሚያድነው ሰው የለም።

ክፍሉን ጠረግሁት። የዘይቱን ነጠብጣብ በአመድ አሸሁት። ግድግዳውን ግን አልነካሁትም፤ የቀሩት የጠመኔ ምልክቶች እንዳይጠፉ። ሰንበት ብዬ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ፣ ደወልኩላት።

"ክፍሉ ባዶ ነው" አልኳት።

"እሺ" አለች። ከጀርባዋ ማሽኑ ሲሄድ ይሰማኛል። "እዚህ አስፋልቱ ዳር ክፍል ተከራይቻለሁ። ትንሽ ናት፤ ግን አትከፋም።"

"ብርሃን አላት?"

"አላት።"

ልክ እንደዚያ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል አላውቅም። እወድሻለሁ የሚባለው በሌላ ሰው ቤት ነው፤ እኛ ቤት የሚባለው፣ "በልተሻል?" ነው። "በልተሻል?" አልኳት።

"በልቻለሁ። አንተስ?"

"እኔማ ታውቂኛለሽ።"

እኔ ሳወራም ማሽኑን አላቆመችውም። ድሮ በረንዳው ላይ ሳወራት እግሯን ታነሣ ነበር፤ ጨዋታዬን ለመስማት።

"መኪናዋስ?" አለች በመጨረሻ።

"ውጭ ናት። ዛሬ ዘንቦባታል።"

"ሸፍናት እንጂ" አለች። "ትበሰብሳለች።"

ስልኩን ዘግቼ መሸፈኛ ፍለጋ ቤቱን ዞርኩት። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ አልጋው ሥር አየሁ። ብጫቂ ጨርቅ እንኳ የለም። ልብስ ሰፊ የኖረችበት ቤት ነውና ጨርቅ አይጠፋም ብዬ ነበር። ሁሉንም ይዛው ሄዳለች።